ማግነም ይዞ መሳት፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

በምንሽርና በክላሽ ያደገ የጎጃም ተኳሽ ማግነም፣ ማለትም ባሩዱ የበዛ ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ፣ ሲይዝ ደጋግሞ የሚገጥመው ችግር አንድ ነው፤ በእሱ እንጀምር። አፈሙዝ ማጽዳቱን፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ማረጋገጡን ሁሉም ያውቀዋል።

ምልክት፦ 100 ሜትር ላይ፣ ጠመንጃው በከረጢት ተደግፎ እንኳ ጥይቱ ይበተናል፤ አብዛኛው ከኢላማው በታች ያርፋል።

መጀመሪያ የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር ይወቀሳል፣ ቀጥሎ ጥይቱ፣ ቀጥሎ የሸጠው ሰው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተኳሹ ነው፤ ቃታው ሳይሳብ ሰውነቱ ምቱን፣ ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ ትከሻ የሚመታውን፣ ፈርቶ ይሸማቀቃል፣ ዐይኑ ይጨፈናል፣ አፈሙዙ ዝቅ ይላል። ክብደታቸው እኩል በሆነ ጠመንጃ .300 ዊንቸስተር ማግነም ማግነም ካልሆነው ከ30-06 የአደን ጥይት ሲሶ ያህል አብልጦ ትከሻ ይመታል፤ .375 ኤች ኤንድ ኤች እጥፍ ይጠጋዋል። ከክላሽ ጋርማ አይወዳደሩም። ጉልበት ያለው ሰው ምቱን ይችለዋል የሚባለው ስህተት ነው፤ መሸማቀቅ በጡንቻ አይከለከልም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ተኳሹ ዞር ይበልና ጓደኛው አንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዴ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ ያጉርስለት። ተራውን እንዳያውቅ ይሁን። ቀለህ ላይ ቃታ ሲስብ አፈሙዙ ወደ ታች ከተመታ፣ መነጽሩን መነካካት ይቁም።

መፍትሄ፦ ከሁሉ በፊት ምቱ ወደሚያንስ ጥይት ውረዱ። አጋዘንና ደጋ አጋዘን በ30-06፣ በ180 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) አረር በደንብ ይወድቃሉ። ትከሻን በትክክል የሚያገኝ 30-06፣ ሆድ ከሚመታ .300 ይበልጣል፤ ሆዱ የተመታ እንስሳ ገደል ለገደል ሲጎተት ያድራል። ማግነሙ ግድ ከሆነ ሰደፉ ላይ ወፍራም ላስቲክ ይግባ፤ በአንድ ቀን ከ10 ጥይት በላይ አትተኩሱ፤ የቀረውን ልምምድ ምት በሌለው በትንሹ .22 ጠመንጃ ጨርሱ። ተኝታችሁ ሳይሆን ቁማችሁ፣ በመደገፊያ ዘንግ ተኩሱ፤ ተኝቶ ሲተኮስ ሰውነት ከምቱ ጋር ወደ ኋላ አይሄድም። ጆሮ በጥጥ አይጠበቅም፤ የድምፅ መከላከያ ይደረግ። አፈሙዝ ላይ የሚታሰረው ምት ቀናሽ ትከሻን ያሳርፋል፣ ከጎን የቆመውን መሪ ጆሮ ግን ይጎዳል። መነጽሩ ከዐይን ቢያንስ 9 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ዳገት ላይ ወደ ላይ ሲተኮስ ይበልጥ ይቀርባል፣ ቅንድብ የሚሰነጠቀውም ያኔ ነው።

ምልክት፦ በቅርብ ተመታ፣ ደም አለ፣ እንስሳው ግን ሄደ።

አረሩ ቀላልና ለስላሳ ነው። 150 ግሬን አረር ከ.300 በሰከንድ ወደ 1,000 ሜትር ተወርውሮ 50 ሜትር ላይ የትከሻ አጥንት ሲመታ ይፈረካከስና ሳንባ ሳይደርስ ይቀራል። 180 ወይም 200 ግሬን፣ እርሳሱ ከመዳብ ልባሱ ጋር የተጣበቀ ወይም ሙሉ መዳብ የሆነ ግዙ። ርካሹን የልምምድ ጥይት ለአደን መያዝ እንስሳውን ማሰቃየት ነው። ለጎሽ ከ.375 በ300 ግሬን በታች አይታሰብ፤ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ እንስሳ .375ን ዝቅተኛ አድርገው ደንግገዋል።

ምልክት፦ ከተኩስ በኋላ መዝጊያው አልከፈት ይላል።

ከደብረ ማርቆስ ብርድ ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ የጥይት ሳጥን መኪና መስታወት ስር ተቀምጦ ፀሐይ ከመታው ባሩዱ ይሞቃል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ተኩስ አቁሙ። መዝጊያውን በድንጋይ አትምቱ! ጥይቱ ጥላ ውስጥ ይቀዝቅዝ፣ በርሜሉ ውስጥ ጥይቱ የሚጎርስበት ቦታም ከዘይትና ከአቧራ ይጽዳ። አንድ ጥይት እንኳ ቀዝቅዞም ያንኑ ከደገመ ያን ሳጥን ለአደን አትያዙት።

ምልክት፦ ትናንት ልክ ነበር፣ ዛሬ ስቷል።

ረጅም መንገድ የመነጽሩን ብሎኖች አላልቷል። ፍቱ፣ ጥርሱን ከዘይት ጥረጉ፣ እኩል አጥብቁ፣ ከዚያ አደኑ ቦታ ላይ ሦስት ጥይት ተኩሳችሁ አረጋግጡ።

አልፎ አልፎ ደግሞ ጥይቱ ሌላ ሆኖ ይገኛል፦ .300 ዊንቸስተርና .300 ዌዘርቢ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አይለዋወጡም። በርሜሉ ላይ የተቀረጸውና ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለው ቃል በቃል ካልገጠመ አታጉርሱ።