ውሻን መኪና ውስጥ ስናስር የምንሠራቸው ስህተቶች

ውሻ ያለው ሰው ይዋል ይደር እንጂ ውሻውን መኪና ውስጥ ማስገባቱ አይቀርም። ሐኪም ዘንድ ለመውሰድ ይሆናል፣ ቤት ለመቀየር ይሆናል፣ ወይም አብሮ ለመዝናናት። አብዛኛው ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው ወንበሩ በፀጉር እንዳይሞላና ውሻው እንዳያስመልሰው ነው። በምን ታስሮ እንደሚሄድ የሚያስብ ጥቂት ነው። የሚያስበውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ውሻው ወዲያ ወዲህ እንዳይል የሚያደርግ ማሰሪያ ነው። መኪናው ድንገት ሲቆም ግን የሚያስፈልገው የውሻውን ክብደት ከነፍጥነቱ ችሎ የሚይዝ ማሰሪያ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ እነዚህን ሁለቱን ካለመለየት የሚመጡ ናቸው።

«የኔ ውሻ ጨዋ ነው» ብሎ ሳያስሩ መሄድ

እውነት ነው፣ መኪና ውስጥ ሲገባ ጥቅልል ብሎ የሚተኛ ውሻ አለ። አይጮኽም፣ ሾፌሩን አይረብሽም። ግን ጨዋነቱ በግጭት ጊዜ አያድነውም። የተኛውም የቆመውም እኩል ወደ ፊት ይወረወራል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ ውሻውን አብሮ ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል የክብደቱን 20 እጥፍ ያህል ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 400 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። 5 ኪሎ ለምትመዝን ትንሽዬ ውሻ እንኳ 100 ኪሎ ይደርሳል። ስለዚህ «ትንሽ ናት፣ አቅፌ እይዛታለሁ» የሚለው አይሠራም። የፈለገ ጉልበተኛ ሰው ቢሆን በዚያች ቅጽበት ከእጁ ታመልጣለች። ከኋላ የተወረወረ ትልቅ ውሻ ደግሞ ከፊት የተቀመጠውን ሰው ይጎዳል። ውሻውን ማሰር ለመኪናው ተሳፋሪ ሁሉ ነው።

ግጭት ባይኖርም ችግሩ አለ። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲረግጥ ከኋላ ወንበር ወድቆ እግሩ የሚሰበር ውሻ አለ። ደንግጦ ወደ ፊት ተሻግሮ ፔዳሉ ሥር የሚወሸቅም አለ። የብሪታንያ የመንገድ መመሪያ በቁጥር 57 ላይ ውሻ ሾፌሩን እንዳይረብሽ፣ መኪናው በድንገት ቢቆምም ራሱንም ሰውንም እንዳይጎዳ ሆኖ እንዲያዝ ይላል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ መኪና ላይ ያለ ውሻ በትራፊክ ሕጉ እንደ ጭነት ይታያል። ጭነት ደግሞ እንዳይንሸራተት መታሰር አለበት።

የአንገት ማሰሪያው ላይ ማሰር

ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ገመዱ ቀድሞውኑ አንገቱ ላይ ስላለ ጫፉን ወንበሩ ላይ አስሮ መሄድ ይቀላል። ነገር ግን ያ ሁሉ ኃይል በሁለት ጣት ስፋት ጠፍር በኩል አንገቱ ላይ ሲያርፍ አስቡት። የአየር ቧንቧው ይጎዳል፣ የአንገት አጥንቱ ይጎዳል። ሲሳብ የሚጠብቀው የሰንሰለት ዓይነትማ ከሁሉም የባሰ ነው። የአንገት ማሰሪያ መኪና ውስጥ አንድ ሥራ ብቻ ይኑረው፤ ስልክ ቁጥራችሁ ያለበትን መለያ ይያዝ።

መታሰር ያለበት ደረትና ትከሻን አቅፎ በሚይዝ ሃርነስ ነው። ደረቱ ላይ ሰፋ ያለና የተደገደገ ቢሆን ይመረጣል። ጫናው በደረት አጥንቱ ላይ ስለሚከፋፈል ሰውነቱ ይችለዋል።

ለእግር ጉዞ የተሠራውን ሃርነስ መኪና ውስጥ መጠቀም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው፣ አስቦ የገዛውም ጭምር፣ ይሳሳታል። ሃርነስ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ አይደለም። እስቲ ቤት ያለውን አንሡና በደንብ እዩት። ጀርባው ላይ ገመዱ የሚያያዝባት ቀለበት በምንድን ነው የተያዘችው? በአንድ መስመር ስፌት ነው ወይስ ጨርቁ ተደርቦ በተመሳቀለ ስፌት? ሆዱ ሥር ያለው ዘለበት ፕላስቲክ ነው ወይስ ብረት? ለእግር ጉዞ የተሠራው የሚጠበቅበት ውሻው ድመት አይቶ ሲጎትት መያዝ ብቻ ነው። የ400 ኪሎ ኃይል ሲመጣበት ዘለበቱ ይሰነጠቃል፣ ቀለበቷ ትነቀላለች፣ ውሻው ባዶውን ይበራል።

አሜሪካ ውስጥ «ሴንተር ፎር ፔት ሴፍቲ» የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከመኪና አምራቹ ሱባሩ ጋር ሆኖ ገበያ ላይ ያሉ የመኪና ሃርነሶችን ፈተነ። ልብ በሉ፣ «ለመኪና» ተብለው የሚሸጡትን ነው። በመጠንና በክብደት እውነተኛ ውሻ እንዲመስሉ የተሠሩ አሻንጉሊቶችን አስሮ የግጭት ሙከራ አደረገ። ከተፈተኑት መካከል ውሻውን በተከታታይ ወንበሩ ላይ ያስቀረው አንድ ብቻ ነበር። በሌሎቹ ላይ ማሰሪያ ተበጥሷል፣ ውሻው ከወንበሩ ተወርውሯል።

ስለዚህ ማሸጊያው ላይ «በግጭት የተፈተነ» የሚል ስታዩ እዚያ ላይ አትቁሙ። አሜሪካ ውስጥ ራሱ ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ መንግሥት ያወጣው አስገዳጅ የግጭት ፈተና መስፈርት የለም። «ተፈትኗል» ማለት ደግሞ «አልፏል» ማለት አይደለም። በምን ፍጥነት ተፈተነ? ስንት ኪሎ በሚመዝን ውሻ? ማን ፈተነው፣ አምራቹ ራሱ ነው ወይስ ገለልተኛ አካል? የፈተናው ቪዲዮ አለ? እነዚህን የማይመልስ ሻጭ ዋጋው ቢረክስም አይጠቅማችሁም። ሃርነሱ እስከ ስንት ኪሎ እንደሚችል የተጻፈውንም አትለፉት፤ ውሻችሁ ከዚያ ከበለጠ ፈተናውን አለፈ መባሉ ለእሱ አይሠራም።

ረጅም ማሰሪያ

አንጀታችን አልችል ይላል። «ትንሽ ይንቀሳቀስ፣ በመስኮት ይይ» ብለን እናስረዝመዋለን። ችግሩ ማሰሪያው እስኪወጠር ድረስ ውሻው ነፃ ሆኖ መብረሩ ነው። መኪናው ቆሞ እሱ ግን በነበረበት ፍጥነት ይቀጥላል፤ ማሰሪያው ሲያልቅ ድንገት ይነጠቃል። ያ ንጥቂያ ነው ጉዳቱን የሚያከፋው። በዚያ ላይ ረጅም ማሰሪያ እግሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ወደ ፊት ወንበርም ያደርሰዋል። የሚለጠጥ የላስቲክ ማሰሪያም ምቾት ይስጥ እንጂ በግጭት ጊዜ ውሻውን አርቆ ይለቀዋል።

መጠኑ ይህን ያህል ይሁን፦ መቀመጥና መተኛት ይቻለው፣ ከወንበሩ ግን አይውረድ። ሌላ መጠንቀቂያ ላክልበት። ብዙዎቹ አጫጭር ማሰሪያዎች ጫፋቸው የሰው ቀበቶ ቆልፍ ውስጥ ቀጭ የሚል ምላስ ነው። ውሻው ሲነሣና ሲቀመጥ መዳፉ ቀይዋ መልቀቂያ ላይ ያርፍና ይከፈታል። ሾፌሩ አያየውም፤ ታስሯል ብሎ መንዳቱን ይቀጥላል። የተሻለው የመኪናውን ቀበቶ ራሱን በሃርነሱ የጀርባ ማስገቢያ አሳልፎ መቆለፍ ነው። አምራቹ ከፈቀደ ደግሞ የሕፃናት ወንበር በሚታሰርበት የአይሶፊክስ ብረት ላይ ማሰር ይቻላል።

ጋቢና ማስቀመጥ፣ ወይም ጭን ላይ

ኤርባግ የሚነፋው ከሰከንድ አንድ ሃያኛ ባነሰ ጊዜ ነው። የተሠራውም ቀበቶ አስሮ ቀጥ ብሎ ለተቀመጠ አዋቂ ሰው ነው። ጋቢና ላይ ያለ ውሻ ጭንቅላቱ ኤርባጉ የሚወጣበት ቦታ ላይ ነው የሚውለው። ሃርነስ ቢኖረውም፣ ሳጥን ውስጥ ቢሆንም ያው ነው፤ ኤርባጉ ሳጥኑን ራሱን ሊሰባብረው ይችላል። የሾፌር ጭን ላይ ሲሆን ደግሞ በመሪውና በሰውየው መካከል ይጨፈለቃል። መሪ ማዞርም ይከለክላል። ሃዋይ ውስጥ ውሻን ጭን ላይ አድርጎ መንዳት በግልጽ የተከለከለ ነው።

ቦታው የኋላ ወንበር ነው። መኪናው የኋላ ወንበር ከሌለው የጋቢናውን ኤርባግ ማጥፋትና ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ መሳብ ግድ ነው።

ሳጥኑን ሳያስሩ ውሻውን ብቻ ሳጥን ውስጥ መክተት

ሳጥን ጥሩ ነገር ነው። ብዙ ውሾችም ውስጡ ይረጋጋሉ። ግን ያልታሰረ ሳጥን ከነውሻው ይበራል፤ ከባድ ስለሆነ ደግሞ የሚመታውን አይምርም። በጠንካራ ጠፍር መኪናው ወለል ላይ ካሉት የጭነት ማሰሪያ ቀለበቶች ጋር ጥርቅም አድርጋችሁ እሰሩት። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ከሆነ ወንበሩን እንዲነካ አስጠጉት፤ ክፍተት ካለ በዚያች ክፍተት ፍጥነት ያገኛል። የሰው ቀበቶ በሳጥኑ ላይ ማሳለፍ ግን አምራቹ ካልፈቀደ አይመከርም። በግጭት ጊዜ ቀበቶው ፕላስቲኩን ጨፍልቆ ሊሰብረው ይችላል።

ስፋቱም ላይ እንሳሳታለን። «ይደላው» ተብሎ ትልቅ ይገዛል። ቤት ውስጥ ትክክል ነው። መኪና ውስጥ ግን በሰፊ ሳጥን ውስጥ ያለ ውሻ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል። መቆም፣ መዞርና መተኛት ከቻለ ይበቃዋል።

መረብና የወንበር ልብስ ማሰሪያን ይተካሉ ብሎ ማሰብ

በፊትና በኋላ ወንበር መካከል የሚዘረጋው መረብ ወይም የብረት አጥር ለሾፌሩ ጥሩ ነው፣ ውሻው ወደ ፊት እንዳይመጣበት ይከለክላል። ውሻውን ግን አይዘውም፤ ተወርውሮ የሚጋጨው ከእሱ ጋር ነው። እንደ አልጋ ከወንበር ወንበር የሚወጠረው ጨርቅም ወንበሩን ከቆሻሻ ይጠብቃል፣ ከዚያ አያልፍም። ሁለቱንም ተጠቀሙ፣ ከማሰሪያው ጋር።

መስኮት

ጆሮው በነፋስ ሲወዛወዝ ማየት ደስ ይላል። ግን ዓይኑ ውስጥ የሚገባው አሸዋና ነፍሳት ብሌኑን ይቧጥጠዋል። የታሰረውም ቢሆን መዳፉ የመስታወቱን ማብሪያ ሲጫን አንገቱ ላይ ሊዘጋበት ይችላል። በሾፌሩ በኩል ያለችውን የመስታወት መቆለፊያ ተጫኑና እርሱት።

ክፍት የጭነት ቦታ ላይ ማሰር

ፒክአፕ ኋላ ላይ በገመድ ታስሮ የሚሄድ ውሻ ሳይ ልቤ ይርዳል። ገመዱ ረዘም ካለ ይዘልና ጎን ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሾፌሩ ደግሞ አይሰማም። አጭር ቢሆንም ፀሐይ ያጋለው ብረት መዳፉን ይጠብሰዋል፣ ከሌላ መኪና የሚፈናጠር ጠጠርም አለ። ጋቢናው ውስጥ ቦታ ከጠፋ የታሰረና አየር የሚያስገባ ዝግ ሳጥን እንጂ ገመድ አይሆንም።

በሩን ከፍቶ መፍታት

ደረስን፣ ሞተሩ ጠፋ፣ በሩ ተከፈተ። ሃርነሱ ቀጭ ብሎ ሲፈታ ውሻው በእጃችን ሥር ሾልኮ መንገድ ላይ ነው። ሰዓታት ታስሮ የቆየ ውሻ ያንን በር ነው የሚጠብቀው። ቅደም ተከተሉን ቀይሩት። በሩ ሳይከፈት የእግር ጉዞ ገመዱን አያይዙ፣ ጫፉን እጃችሁ ላይ አዙሩት፣ ከዚያ የመኪናውን ማሰሪያ ፍቱ፣ በሩ መጨረሻ ላይ ይከፈት። የሚወርደውም በመኪና መንገዱ በኩል ሳይሆን በእግረኛው በኩል ይሁን። «ቆይ» የሚለውን ትእዛዝ በቆመ መኪና አጠገብ ለጥቂት ቀናት ብታለማምዱት ብዙ ጣጣ ይቀንሳል።

አስሮ ጥሎ መሄድ

«አምስት ደቂቃ ነው» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በአንድ ሰዓት በአማካይ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚጨምር ለክተዋል። ከዚያ ውስጥ 80 በመቶው የሚጨምረው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስታወቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግም ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የታሰረ ውሻ ደግሞ ወደ ጥላው ጎን እንኳ መሸሽ አይችልም። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉት በቀላሉ ይታፈናሉ።

በጉዞው ቀን ማልበስ

አዲስ ሃርነስ ለብሶ፣ አዲስ ወንበር ላይ ታስሮ፣ ረጅም መንገድ የሚጀምር ውሻ ይታገላል፣ ማሰሪያውንም ያኝካል። ቤት ውስጥ አልብሱት፣ በሚወደው ምግብ እያባበላችሁ። ቀጥሎ ሞተሩ በጠፋ መኪና ውስጥ እሰሩት። ከዚያ አጭር ዙር። ሲለብስ በጠፍሩና በአካሉ መካከል ሁለት ጣት ብቻ ይግባ፤ ሰፋ ካለ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ይወጣል።

በየጊዜው ስፌቱን በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ እዩት። የታኘከ ጠፍር ካለ ይቀየር። ግጭት ያየ ሃርነስ ወይም ሳጥን ደግሞ ምንም ያልሆነ ቢመስል፣ ክሩ ውስጥ ለውስጥ ተወጥሮ ደክሞ ሊሆን ስለሚችል ዳግም አይታሰርበት። ለሌላ ሰው ውሻም አትስጡት።