የትሎቹ ማሽን ሲያስቸግር፦ ከጣና ዳር የተጻፈ ችግርና መፍትሄ

ትሏ አንድ ሚሊ ሜትር ብታክል ነው። ሲ. ኤለጋንስ ትባላለች። ሰውነቷ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ሳትከፍቷት ውስጧን ታያላችሁ። ነርቮቿ 302 ናቸው፤ አንድ በአንድ ተቆጥረዋል። የተበጠሰ ነርቭ እንዴት መልሶ እንደሚያድግ ለማየት ከእሷ የተሻለ እንስሳ አላውቅም።

ብዙ ቦታ ነርቩን በሌዘር ይቆርጡታል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የታወቀ ዘዴ ነው። ሌዘሩ ግን ውድ ነው፤ እኛ ጋ የለም። ስለዚህ ዩኤንሲ-70 የተባለው ጂን የተበላሸባቸውን ትሎች እንጠቀማለን። ይህ ጂን የነርቭ ክር ስትታጠፍ እንዳትበጠስ የሚያደርገውን ፕሮቲን ያሠራል። እሱ ከሌለ ትሏ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ክሮቹ በራሳቸው ይበጠሳሉ፣ መልሰውም ለማደግ ይሞክራሉ። ነርቮቹ ውስጥ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን አለ፤ እሱን ነው የምናየው። የቀረውን ማሽን ይሠራል። ፓምፕ ትሎቹን ቀጭን ቦይ ወዳለው የሲሊኮን ቺፕ ይገፋል፣ ቫልቭ ይይዛል፣ ካሜራ ያነሳል፣ ኮምፒውተር ይቆጥራል።

ማሽኑ እምቢ ሲል ሁላችንም ካቻቢቴ ፍለጋ እንሮጣለን። በእኔ ልምድ ግን አብዛኛው ችግር ማሽኑ ውስጥ አይደለም። የቆምንበት ከፍታ፣ ሙቀቱና መብራቱ ላይ ነው።

የቫኩም ጌጁ ማንዋሉ ያለው ቁጥር ላይ አይደርስም

ቺፕ ስትሠሩ ፒዲኤምኤስ የሚባለውን ፈሳሽ ሲሊኮን ከማጠንከሪያው ጋር 10 ለ 1 ትደባልቃላችሁ። ስትመቱት አየር ይገባበታል። አየሩን ለማውጣት ቫኩም ውስጥ ታስቀምጡታላችሁ። የእኛ ማንዋል ጌጁ ከዜሮ በታች 90 ኪሎ ፓስካል እስኪያሳይ ጠብቁ ይላል። የእኛው ጌጅ 80 ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል። ዘይት ቀየርን። ጎማ ቀየርን። ቱቦውን ሁሉ ሳሙና ቀብተን አየር የሚያስገባ ቦታ ፈለግን። ሦስት ቀን ሄደ። ፓምፑ ጤነኛ ነበር።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሕር ጠረፍ ላይ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው፤ እዚህ 82 ገደማ። ተራ ጌጅ የሚለካው ከውጭው አየር ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። አየሩ አንድም ሳይቀር ተሟጦ ቢወጣ እንኳ ከ82 አያልፍም። ያንን 90 ያሉት ሰዎች ከባሕር ብዙም ሳይርቁ ነው የጻፉት።

መፍትሄው ጌጁን ትቶ ሲሊኮኑን ማየት ነው። መጀመሪያ እንደ ወተት ነጥቶ ይገነፍላል፤ ስለዚህ ኩባያውን ከሲሶ በላይ አትሙሉ። ቀጥሎ አረፋው እየተለቀ ይፈነዳል። ኩባያው ሥር የታተመ ወረቀት አስቀምጡ። ፊደሉ ከላይ ጥርት ብሎ ሲነበብ ደርሷል።

የተቀቀለው አጋር ላይ ያልተፈለገ ባክቴሪያ ይበቅላል

አጋር ትሎቹ ሳህን ላይ የሚኖሩበት ጄሊ ነው። የመበከሉም ምክንያት ይኸው ከፍታ ነው። ውሃ እዚህ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ከቆላ የመጣች ዘመድ ባቄላው አልበስል አለኝ የምትለውም ለዚሁ ነው። አውቶክሌቭ፣ ማለትም በእንፋሎት ግፊት ተህዋስ የሚገድለው ድስት፣ ባሕር ጠረፍ ላይ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሲያሳይ ውስጡ 121 ዲግሪ ነው። ባሕር ዳር ላይ ያው 15 የሚሰጣችሁ 118 ገደማ ነው። ወደ 121 ለመድረስ 18 ያስፈልጋል። ማሽናችሁ 18 የሚችል መሆኑን ሰሌዳው ላይ አንብቡ። የማይችል ከሆነ አትነካኩት፤ ሰዓቱን አርዝሙ። የሙቀት መለኪያ ካለው ደግሞ ግፊቱን ትታችሁ እሱን እመኑ።

ትሎቹ ቦዩ አፍ ላይ ይከማቻሉ፣ አይገቡም

እምቦጭ ጀልባ መንገድ ላይ ሲከማች ያየ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። መንገዱ አልጠበበም፤ የተያያዘ ነገር ዘግቶታል። እዚህ የሚያያዘው የትሎቹ ምግብ ነው። ኦፒ50 የሚባለው ባክቴሪያ ሲያረጅ ይጣበቃል፤ እንቁላልና የአጋር ፍርፋሪ ይሰበስባል። ያ ጓል ወጣት ጎልማሳ ትል ብቻ በምታልፍበት ቦይ አያልፍም።

ፓምፑን አታጠንክሩ። ግፊት ጓሉን ይበልጥ ይጠቀጥቀዋል፣ ትሎቹንም ይጎዳል። ይልቅ ትሎቹን ኤም9 በሚባለው የጨው ውሃ ሦስት ጊዜ እጠቡ። በየመሐሉ ቱቦውን አቁሙትና ጠብቁ። ትልልቆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ይዘቅጣሉ፣ ባክቴሪያው ከላይ ይንሳፈፋል፤ ላዩን ቅዱት። ፈሳሹ ላይ 0.01 በመቶ ትሪተን የሚባለውን ሳሙና መሰል ነገር ጨምሩ፤ አለዚያ ትሎቹ ፕላስቲኩ ላይ ይለጠፋሉ።

የዘጋው አረፋ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ብዙ አየር ይይዛል፤ ሲሞቅ ይተፋዋል። ከፍሪጅ የወጣ ኤም9 በሚያዝያ ቀትር ቺፕ ውስጥ ከገባ አረፋ መሥራቱ አይቀርም። ከመሙላታችሁ ሁለት ሰዓት በፊት አውጡትና ከክፍሉ ጋር ይላመድ።

ባለፈው ሳምንት ያደገው ነርቭ በዚህ ሳምንት አያድግም

በጣም ያደከመን ይሄ ነው። ያው ትል፣ ያው ቺፕ፣ ያው ኮድ፤ ውጤቱ ግን አንዱ ሌላውን አይመስልም።

ምክንያቱ ኢንኩቤተሩ፣ ማለትም ትሎቹ በተወሰነ ሙቀት የሚያድጉበት ሳጥን ነው፤ በትክክል ለመናገር መብራቱ። እነዚህ ትሎች 20 ዲግሪ ላይ በሦስት ቀን ገደማ ይጎለምሳሉ። 25 ላይ ይፈጥናሉ፣ 15 ላይ ይንቀራፈፋሉ፣ ከ27 ካለፈ መውለዳቸውም ይቋረጣል። ነርቭ መልሶ የማደግ አቅሙ ደግሞ በዕድሜ ይቀንሳል። ግንቦት ላይ ውጭው 30 ሲጠጋ መብራት ማታ ጠፍቶ ንጋት ላይ ቢመለስ፣ ጠዋት የምታገኙት ጌጅ 20 ይላል። ትሎቹ ግን ካሰባችሁት በላይ አርጅተዋል። እናንተ የምታወዳድሩት ሁለት ዓይነት ነርቭ ሳይሆን ሁለት ዓይነት ዕድሜ ነው።

ኢንኩቤተሩ ውስጥ ሙቀት እየመዘገበ የሚያስቀምጥ ትንሽ መሣሪያ አኑሩ፤ የራሱ ባትሪ ይኑረው። ባዶውን ቦታ ሁሉ በውሃ በተሞሉ የሃይላንድ ጠርሙሶች ሙሉት። ውሃ ቶሎ አይሞቅም፤ ጥቂት ሰዓት ይገዛላችኋል። ከ22 ያለፈ ሌሊት ያደረውን ሳህን ለቆጠራ አታውሉት። የሦስት ቀን ልፋት መጣል ያማል፣ አውቃለሁ። ግን ጣሉት።

ትሎቹን እኩል ዕድሜ ለማድረግ እናቶቹን በበረኪና አሟሙታችሁ እንቁላሉን የምታወጡ ከሆነ፣ በረኪናው ሱቅ ፀሐይ ላይ የከረመ እንዳይሆን። ያረጀ በረኪና የእናቶቹን ሰውነት አያሟሟም። ሰዓት ሳይሆን ማይክሮስኮፕ እያያችሁ አቁሙ፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ እንቁላሉም ይሞታል።

መብራት ሲመለስ ቺፑ ባዶ ነው

ቫልቭ የሚዘጋው በአየር ግፊት ነው። መብራት ሲጠፋ ግፊቱ ይለቀቃል፣ ቫልቩ ይከፈታል፣ ትሎቹ ወደ ቆሻሻው ይፈስሳሉ። አየሩን የሚቆጣጠረውን ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ) ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ግፊት እንደያዘ በሚቀረው ዓይነት ቀይሩት። ለኮምፒውተሩና ለካሜራው ዩፒኤስ ይበቃል።

ምስሉ ጭጋግ ለብሷል

ትሏ እንዳትንቀሳቀስ ቺፑን እስከ 4 ዲግሪ የምታቀዘቅዙ ከሆነ፣ ክረምት ላይ የጣና እርጥበት መስታወቱ ላይ ላቦት ሆኖ ይቀመጣል። ካሜራው ፎከስ ሲፈልግ የሚያገኘው ጤዛውን ነው። ቺፑን በትንሽ ክዳን ሸፍኑና ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አስገቡ። ብዙ ከረጢት ሰብስቡ። ካልበቃ ቅዝቃዜውን ተዉና በሌቫሚሶል አስተኟቸው፤ ለከብት የሚሰጠው የትል መድኃኒት ነው።

ኮምፒውተሩ ሁሉም ነርቭ አድጓል ይላል

መጀመሪያ ስናይ ደስ አለን። ከዚያ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ምስሉን አጉልታ ዝም ብላ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። ያደገ የተባለው ክር የትሏ አንጀት ነበር። አንጀቱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነጥቦች በራሳቸው ያበራሉ። ኮዱ ነጥቦቹን አያይዞ ክር አድርጓቸዋል።

መፍትሄው ለኮዱ መልሱ የታወቀ ጥያቄ መስጠት ነው። ዲኤልኬ-1 የተባለው ጂን ከሌለ የተበጠሰው ነርቭ መልሶ ማደጉ ይቀራል ማለት ይቻላል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2009 ታውቋል። ስለዚህ ዩኤንሲ-70ም ዲኤልኬ-1ም የተበላሹባቸውን ትሎች በየሳምንቱ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅለን እናስገባለን። ሳህኑ ላይ ቁጥር ብቻ አለ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያነሳውም የሚቆጥረውም ሰው አያውቅም። ከየዙሩ ሃያ ምስል ደግሞ በእጅ እንቆጥራለን። የሚቆጠረው ርዝመት አይደለም፤ ክሩ ጫፍ ላይ እንደ እጅ መዳፍ የተዘረጋው የማደጊያ ጫፍ ነው።

ኮዱ ዲኤልኬ-1 በሌላቸው ትሎች ላይ እድገት አየሁ ካለ፣ የዚያ ሳምንት ቁጥር በሙሉ ወደ ሠንጠረዡ አይገባም። ምስሎቹ ይቀመጣሉ፣ ኮዱ ይታረማል፣ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል።