ኢን-ስቴት (የስቴቱ ነዋሪ የሚከፍለውን ዝቅ ያለ የኮሌጅ ክፍያ) ለመክፈል ስንሮጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

የእህቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት የመጣው መስከረም ላይ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ ገባ። 25 ዓመቱ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቡና እየጠጣን «ጋሼ፣ ኪራይ ስንት ልክፈል?» አለኝ። ተቆጣሁት። «ከእህቴ ልጅ ኪራይ ልቀበል? ሰው ምን ይለኛል!» አልኩት። ስልኩን በእኔ ፕላን ላይ ጨመርኩት። ኢንተርኔቱም መብራቱም በእኔ ስም ነው። ደስ ብሎኝ ነው ያደረግኩት።

ከዓመት በላይ ቆይቶ አንድ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ደብዳቤ መጣለት። ያቀረብከው ማስረጃ የሜሪላንድ ነዋሪ መሆንህን አያሳይም፣ ስለዚህ የምትከፍለው እንደ ሌላ ስቴት ሰው ነው ይላል። ልዩነቱ የዋዛ አይደለም። እሱ ያመለከተው እዚያ ባይሆንም፣ ለምሳሌ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ የስቴቱ ነዋሪ በዓመት ለትምህርት የሚከፍለው ወደ 12 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ከውጭ የመጣው ከ40 ሺህ በላይ ይከፍላል። ምግብና ዶርም ሳይቆጠር።

ያኔ ነው የገባኝ። ኮሌጁ የሚጠይቀው የት እንደምትኖሩ ብቻ አይደለም። ትምህርት ከሚጀመርበት ቀን ወደኋላ ዓመት ሙሉ እዚህ መኖራችሁን ወረቀት ይናገር ነው የሚለው። ወረቀቶቹም እርስ በርስ መስማማት አለባቸው። የእኛ ኑሮ ደግሞ በቃልና በካሽ ነው። ከዚያ ወዲህ የጎረቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ የጓደኛ ልጅ ወረቀት እየያዘ ቤቴ ይመጣል። የማየው ስህተት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ምሳሌዎቼ በብዛት ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ናቸው። ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን ደንብ አንብቡ።

1. ዘመድ ቤት ያለ ወረቀት መቀመጥ

እኛ እንግዳ ሲመጣ ቤዝመንቱን እናጸዳለን፣ ፍሪጁን እንሞላለን። ወረቀት ማዘጋጀት ግን ትዝ አይለንም። እንግዳው ወይ ካሽ ይሰጣል፣ ወይ ምንም አይሰጥም። በዓመቱ «የት ነበርክ?» ሲባል የሚያሳየው የለውም።

የሜሪላንድ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ደንብ ቢያንስ ለ12 ተከታታይ ወራት በስቴቱ ውስጥ መኖሪያ እንደነበራችሁ አሳዩ ይላል። ንብረታችሁም በአብዛኛው እዚያው መሆን አለበት። ይህን ለማሳየት ቀላሉ መንገድ ሊዝ፣ ማለትም የጽሑፍ የኪራይ ውል ነው። ከዘመድ ጋርም ቢሆን ሊዝ መፈራረም ይቻላል። ኪራዩ ትንሽ ይሁን፤ ግን በቼክ ወይም በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ በሚላከው) ይከፈል፣ ቀኑና ስሙ ባንክ ላይ ይታይ። ተቀባዩ ደግሞ ገቢውን ታክስ ላይ ያሳውቅ። ይሄኛው የማይወደድ ክፍል እንደሆነ አውቃለሁ።

በነጻ ማኖርም ነውር የለውም። ግን ባለቤቱ «ከዚህ ቀን ጀምሮ እኔ ቤት በነጻ ይኖራል» ብሎ ኖተሪ ፊት ይፈርም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚቀበሉ ኮሌጆች አሉ። ብቻውን ግን አይበቃም። በዚያ አድራሻ፣ በልጁ ስም የሚመጣ ነገር ያስፈልገዋል፤ የባንክ ስቴትመንት፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የሐኪም ቤት ቢል። እኛ ደብዳቤው የመጣ ቀን ማታ መሳቢያውን ሁሉ ገለበጥን። ቤቴ 14 ወር ኖሯል። በስሙ ያገኘነው የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ የመጣበትን ፖስታና ሁለት የክሬዲት ካርድ ማስታወቂያ ነው። የባንክ ስቴትመንቱ እንኳ በኢሜይል ብቻ ነው የሚመጣው፤ እዚያ ላይ ያለው አድራሻ ደግሞ ሒሳቡን ሲከፍት አብሮት የሄደው ጓደኛው አድራሻ ነው፣ ቨርጂኒያ።

በዚያው ሰሞን አንድ ወዳጄ መፍትሔ አለኝ አለ። አሁን ሊዝ ጻፉና ያለፈውን ዓመት ቀን አድርጉበት። ይህንን እንዳታደርጉት። የሐሰት ሰነድ ነው። ቢደረስበት ክፍያው ወደኋላ ተመልሶ በውጭ ሰው ሒሳብ ሊጠየቅና ልጁም ከትምህርት ቤት ሊባረር ይችላል። ግሪን ካርድ ይዞ ዜግነት ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ ጣጣው ከዚያም ያልፋል።

2. ለተሳሳተ ስቴት ታክስ መክፈል

የእህቴን ልጅ የጣለው ኪራዩ ብቻ አልነበረም። እንዲያውም ዋናው ይሄ ነው።

ሥራው ዲሲ መሃል፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር። ሥራ በጀመረ ቀን የወረቀት ክምር ሰጡት። «እዚህ ጋ ፈርም፣ እዚህም ጋ» አሉት፤ ፈረመ። ማን ያነበዋል? በጥር ደብልዩ-ቱው (ቀጣሪው የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ታክስ የሚያሳይበት ወረቀት) ሲመጣ፣ ከታች ስቴት የሚለው ሳጥን ላይ ዲሲ ተጽፏል። ታክስ የሚሠራለትም ሰው ያንን አይቶ የዲሲ ነዋሪ አድርጎ ሞላለት። ሪፈንድ መጣ። ሁላችንም ደስ አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ እርስ በርስ ተስማምተዋል። ዲሲ እየሠራ ሜሪላንድ የሚኖር ሰው የደመወዙን ታክስ የሚከፍለው ለሚኖርበት ለሜሪላንድ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖርም እንደዚሁ ለቨርጂኒያ። ለዚህ ሥራ ሲጀመር ለቀጣሪው የሚሰጥ «የዲሲ ነዋሪ አይደለሁም» የሚል ፎርም አለ። እሱ ካልተሞላ ቀጣሪው ለዲሲ ይቆርጣል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ታክስ በሚከፈልበት ገቢ ሁሉ ላይ የሜሪላንድን ታክስ ከፍላችኋል ወይ ብለው ነው የሚጠይቁት። ወረቀት የሚያየው ሰው የልጁን ቤዝመንት አያውቅም። ከፊቱ ያለው «የዲሲ ነዋሪ ነኝ» የሚል፣ ልጁ ራሱ የፈረመበት ታክስ ነው።

ማስተካከል ይቻላል። ከዲሲ ማስመለስ፣ ለሜሪላንድ መክፈል፣ የተስተካከለውን ማስገባት። ግን ወራት ይፈጃል፤ ሴሚስተሩ አይጠብቅም። ስለዚህ የደመወዝ ወረቀታችሁን ዛሬ አውጥታችሁ እዩ። ለየትኛው ስቴት ነው የሚቆረጠው? ቴክሳስና ዋሽንግተን ስቴት ያላችሁ በደመወዝ ላይ የስቴት ታክስ የለባችሁም። የእናንተ ሸክም ወደ ሌሎቹ ወረቀቶች ይዞራል።

3. ታርጋው ሌላ፣ ቤቱ ሌላ

ይሄ ብልጠት የሚመስል ስህተት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲው በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ላይ ታክስ ያስከፍላል። እሱን ለመሸሽ መኪናውን በሜሪላንድ ዘመድ አድራሻ ያስመዘገበ ስንት ሰው አለ! ኢንሹራንስ ረከሰልኝ ብሎ በተቃራኒው ያደረገም አለ። ከሚኒሶታ ወይም ከዳላስ መጥቶ የድሮውን ታርጋ ሦስት ዓመት ይዞ የሚዞረውን አልቆጥርም።

ልጁ ኮሌጅ ሲደርስ ታርጋው ይመሰክራል። የሜሪላንድ ደንብ ያላችሁ መኪና በሙሉ ለ12 ወር በሜሪላንድ መመዝገብ አለበት ይላል፤ መንጃ ፈቃድ ካላችሁም የሜሪላንድ ይሁን ይላል። ቨርጂኒያም የነዋሪነት ምልክት ብሎ ከሚያያቸው ነገሮች ውስጥ መንጃ ፈቃድ፣ የመኪና ምዝገባና የመራጭነት ምዝገባ ይገኛሉ። አዲስ ነዋሪ በሁለቱም ስቴት መንጃ ፈቃዱን በ60 ቀን ውስጥ መቀየር አለበት። ከሌላ ስቴት የምትመጡ ከሆነ የመጀመሪያ ወራችሁን መንጃ ፈቃድና ታርጋ የሚሰጡት ቢሮዎች፣ ኤምቪኤ (ሜሪላንድ) ወይም ዲኤምቪ (ቨርጂኒያ)፣ ሰልፍ ላይ አሳልፉት። ቆጠራው ያኔ በወረቀት ይጀመራል።

ትራክ የሚነዱ አባቶች እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቤተሰቡ አሌክሳንድሪያ፣ ሲዲኤሉ (የትራክ መንጃ ፈቃዱ) ሌላ ስቴት፣ ድርጅቱ ሦስተኛ ስቴት የተመዘገበ ቤት አይቻለሁ። ለልጁ የሚታየው የወላጁ ወረቀት ነው።

4. አጎት እንደ አባት ይቆጠራል ብሎ ማሰብ

በእኛ ባህል አጎት አባት ነው፣ አክስትም እናት ናት። ኮሌጁ ጋ አይደለም። ከ24 ዓመት በታች የሆነ ተማሪ በአብዛኛው የሚታየው በወላጆቹ መኖሪያ ነው። ቨርጂኒያ በሕጓ እንዲህ ትገምታለች። ስለዚህ ወላጆቹ አትላንታ ሆነው ፌርፋክስ አክስቱ ጋ ሃይስኩል የጨረሰ ልጅ ለኮሌጁ የጆርጂያ ልጅ ሊሆን ይችላል። ዲፕሎማው ብቻውን አያድነውም።

መውጫው ሁለት ነው። አንዱ በፍርድ ቤት የተሰጠ ሕጋዊ ሞግዚትነት ነው፤ እሱም ለኮሌጅ ክፍያ ተብሎ የመጣ መምሰል የለበትም። ሌላው ልጁ ራሱን የቻለ መሆኑን ማሳየት ነው። ወላጆቹ ታክስ ላይ ጥገኛ ብለው አያስገቡትም፣ ዋናውን ወጪውንም አይሸፍኑም ማለት ነው። አባትየው በየዓመቱ ታክስ ላይ እያስገባው «ራሱን የቻለ ነው» ቢል ማን ያምነዋል?

5. ዶርም ውስጥ ዓመት ቢሞላው ነዋሪ ይሆናል

«የመጀመሪያውን ዓመት ከፍለን እናስገባው፣ ከዚያ ኢን-ስቴት ይሆናል» የሚል ምክር በብዛት ይሰማል። ባትሰሙት ይሻላል። ለትምህርት የመጣ ሰው ጊዜ እንደ ኑሮ አይቆጠርም፤ ቢያንስ መነሻ ግምቱ እንደዚያ ነው። ሲያትል ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ በኳርተር ከ6 ክሬዲት በላይ የሚማር ሰው የመጣው ለትምህርት ነው ተብሎ ይገመታል።

በሩ ለዘላለም ተዘግቷል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከኮነቲከት በመጣ ክርክር፣ ተማሪ ኑሮውን እንደቀየረ ለማሳየት ዕድል ሳይሰጠው እስከ መጨረሻው የውጭ ሰው ሊባል አይችልም ብሏል። ግን የማሳየቱ ሸክም የተማሪው ነው። ቨርጂኒያ የምትጠይቀው ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ነው። የበጋ ሥራና የጂም አባልነት አሳማኝ አይደሉም።

6. የቪዛውን ዓይነት አለማየት

ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛነቱ የተፈቀደለት ሰው ነዋሪነቱን ማስቆጠር ይችላል። በተማሪ ቪዛ የመጣ ግን በአብዛኛው አይችልም፤ ቪዛው ራሱ ተምሬ እመለሳለሁ የሚል ነውና። ዓለም ባንክ ወይም አይኤምኤፍ የሚሠሩ ወላጆች ልጆች ጉዳይ ለየት ይላል። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ልጆች ኢን-ስቴት አልቀበልም ብሎ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 አይሆንም አለው። ይህን የማያውቁ ቤተሰቦች ሳይጠይቁ ከፍለዋል።

የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸው ልጆች ደንቡ ስቴት በስቴት ነው፤ ይለዋወጣልም። ቴክሳስ በ2001 ከሁሉ ቀድማ ፈቅዳ ነበር። በሰኔ 2025 በፍርድ ቤት ታገደ። ፍሎሪዳም በዚያው ዓመት ሰረዘችው። የዓምና ሰው የነገራችሁን አትመኑ። ኮሌጁን በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ።

7. ኮሚዩኒቲ ኮሌጁንም እንደ ዩኒቨርሲቲው ማየት

የሜሪላንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የሚጠይቁት 3 ወር ነው። ሞንጎመሪ ኮሌጅ ክፍያው ሦስት ደረጃ አለው፤ የካውንቲው ሰው፣ የሌላ ካውንቲ ሰው፣ የሌላ ስቴት ሰው። ከፒጂ (ፕሪንስ ጆርጅስ) ካውንቲ ወደ ሞንጎመሪ ቤት ቀይራችሁ አድራሻችሁን ካላስተካከላችሁ በከንቱ ትከፍላላችሁ። ወንዙን ተሻግራችሁ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ብትገቡ ግን የቨርጂኒያ የአንድ ዓመት ሕግ ነው የሚሠራው። አዲስ የመጣ ሰው ቤት ሲመርጥ ይህን ቢያስብ አይከፋም። ፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ላይ «ስቴትህ የት ነው» የሚለውን መሙላት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጋር አይገናኝም። የኮሌጁን ውሳኔ አይተካም።

8. ቀኑን ማሳለፍ

ውሳኔው ሲመጣ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ ያኮርፋል፣ ወይ ሬጅስትራር ቢሮ ሄዶ ይጨቃጨቃል። ሁለቱም ጊዜ ያባክናል። እንደገና ይታይልኝ የሚል ማመልከቻ ቀነ ገደብ አለው፤ ብዙ ጊዜም ላለፈ ሴሚስተር ወደኋላ አይሠራም። ቨርጂኒያ ውስጥ የኮሌጁ የመጨረሻ ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ይግባኝ ላይ ደግሞ የኑሮ ችግር መተረክ አይጠቅምም። ውሳኔው ላይ የጎደለ የተባለውን እየጠቀሱ፣ ለእያንዳንዱ ወረቀት ማያያዝ ነው።

የእህቴ ልጅ ይግባኙን ተሸነፈ። ታክሱ ገና ስላልተስተካከለ ኮሌጁ ልክ ነው። ማታ ማታ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እየተማረ ወረቀቱን ከመጀመሪያው ጀመረ። ሊዝ ተፈራርመናል። በወሩ መጀመሪያ ቼኩን ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ይለጥፈዋል፣ እኔም ባንክ አስገባዋለሁ። በመጀመሪያው ወር እጄ ተንቀጥቅጧል። ሽሮና በርበሬ ግን አሁንም አላስከፍለውም።