ፖስትግሬስ ላይ ለሁሉም ሠንጠረዥ አንድ ቆጣሪ

ምልክቱ፦ አባሪ ፋይሎችን የሚይዘው ሠንጠረዥ የባለቤቱን መለያ ቁጥር ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ደንበኛ 1042 ሲከፈት የደረሰኝ 1042 ፋይልም አብሮ ይመጣል። በፖስትግሬስ ዳታቤዝ እያንዳንዱ የቢግሲሪያል (ቁጥሩን ራሱ የሚሞላ የመለያ) ዓምድ የራሱን ቆጣሪ ይዞ ከ1 ስለሚጀምር ነው።

መጀመሪያ የተሞከረው ትልቁን ቁጥር ፈልጎ 1 መደመር ነበር። ሁለት ሰው እኩል ሲመዘግብ ሁለቱም ያንኑ ቁጥር ያነባሉ። ለየሠንጠረዡ የቁጥር ክልል መመደብም አንዱ ሞልቶ ጎረቤቱ ውስጥ እስኪገባ ብቻ ነው። ዩዩአይዲ ስሪት 4 (በዘፈቀደ የሚፈጠር ረጅም መለያ) በተግባር አይጋጭም፤ ግን 16 ባይት ይይዛል፣ በዘፈቀደ ስለሚመጣ ኢንዴክሱን (የፍለጋ ማውጫውን) ይበታትናል፣ በስልክ ለደንበኛ ማንበቡማ አይታሰብም።

የሠራው፦ በክሪኤት ሲኩዌንስ አንድ የጋራ ቆጣሪ ፈጥሮ የሁሉንም ሠንጠረዥ የመለያ ዓምድ ዲፎልት (ቁጥር ሳይሰጠው ሲቀር የሚገባውን) ወደዚያው ቆጣሪ ኔክስትቫል (ቀጣዩን ቁጥር የሚሰጥ ተግባር) መቀየር። ዓምዱ አይደንቲቲ (ሌላው ቁጥሩን ራሱ የሚሞላ ዓይነት) ከሆነ ቀድሞ ድሮፕ አይደንቲቲ ይባላል። ከዚያ ቆጣሪው በሴትቫል ከሁሉም ሠንጠረዦች ትልቁ ቁጥር ላይ ይቀመጣል፤ ይህ ከተረሳ አዲሱ ምዝገባ ከድሮ ረድፍ ጋር ይጋጫል።

የተጋጩት የድሮ ረድፎች ወደ እነሱ የሚያመለክቱት የውጭ ቁልፎች (ከሌላ ሠንጠረዥ የሚመጡ ማያያዣዎች) ኦን አፕዴት ካስኬድ (የቁጥሩን ለውጥ ተከትለው የሚታደሱ) ከሆኑ በኋላ አዲስ ቁጥር ተሰጣቸው። አሰልቺው አባሪው ነው፤ የውጭ ቁልፍ ስለሌለው ካስኬድ አይደርስበትም፣ ስለዚህ በፋይሉ አቃፊ ስም እየተለየ በእጅ ተስተካከለ።

አዲስ ከመፍጠር ይልቅ የአንዱን ሠንጠረዥ ነባር ቆጣሪ ለጋራ የሚጠቀም ኦውንድ ባይ ነን (ባለቤት የለውም) ይበለው፤ አለዚያ ያ ሠንጠረዥ በካስኬድ (ከጥገኞቹ ጋር) ሲሰረዝ ቆጣሪውም አብሮ ይሄዳል። ሮልባክ የሆነ (ሳይጸና የተመለሰ) ምዝገባ ቁጥሩን ስለማይመልስ ክፍተት ይኖራል፤ ስህተት አይደለም።