ልጅ ለኒውሮሳይኮሎጂ ምርመራ ሲወሰድ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ይህ ምርመራ የልጁን ትኩረት፣ ትውስታና የማሰብ ችሎታ በጥያቄና በእንቆቅልሽ የሚለካ ነው፤ ለዚሁ ከሐዋሳ አዲስ አበባ የሚሄዱ ወላጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ዓይንና ጆሮ ሳያስመረምሩ መሄድ። ሰሌዳው የማይነበብለት ልጅ ትኩረት የሌለው ይመስላል። ይህን እዚሁ ሐዋሳ ጨርሶ መሄድ ይቀላል፣ ይረክሳልም። አስተማሪው «ይፈዛል» ካለ ደግሞ ጠበቅ አድርገው ይጠይቁ፦ እየጻፈ ሳለ እርሳሱን እንደያዘ ለጥቂት ሰከንዶች ደርቆ፣ ሲጠሩት ሳይሰማ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል? መውደቅና መንቀጥቀጥ የሌለበት የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቀድሞ ሐኪም ይየው።

ከሌሊት መንገድ በቀጥታ ማስገባት። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተቀስቅሶ፣ መናኸሪያ ተጋፍቶ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሲያንጎላጅ የመጣ ልጅ ረፋዱ ላይ ትኩረቱና የማሰብ ፍጥነቱ ቢለካ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ድካሙ ነው። ምርመራው ሰዓታት ይፈጃል። በዋዜማው ገብተው ዘመድ ቤት ይደሩ፤ ቁርሱን በልቶ፣ መነጽር ካለው አድርጎ ይቅረብ። የሚወስደው መድኃኒት ካለ በራስዎ አያቋርጡ፣ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ማስጠናት። ከቴሌግራም ጥያቄ አውርዶ ማለማመድ ማለት የምርመራውን ገንዘብ ውሃ በላው ማለት ነው። ውጤቱ ስላላስደሰተ በወሩ ሌላ ቦታ ማስደገምም ያው ነው፤ ጥያቄዎቹን ስለለመዳቸው ብቻ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል።

የቤቱን ቋንቋ አለመናገር። ለእኔ ከሁሉ የሚከፋው ይሄ ነው። ቤት ሲዳምኛ፣ ሰፈር አማርኛ፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚናገር ልጅ ሐዋሳ ሞልቷል። «የግል ትምህርት ቤት ነው የሚማረው፣ በእንግሊዝኛ ይፈተን» የሚል አባት ልጁን ይበድለዋል። በሰፊው የሚሠራበት የዌክስለር የልጆች የአእምሮ ችሎታ ፈተና ከ6 እስከ 16 ዓመት ላሉት የተዘጋጀ ነው፤ የአሜሪካው ቅጂ አማካይ ውጤት 100 ሲሆን፣ የተሰላውም በአሜሪካ ልጆች ነው። ለምሳሌ በቃላት ክፍሉ 78፣ በቅርጽ ክፍሉ 104 ያመጣ ልጅ ቢኖር፣ ችግር አለበት ከመባሉ በፊት በየትኛው ቋንቋ እንደተጠየቀ ይጣራ።

ጎረምሳን መዋሸት። «ራስ ምታትህን ሊያዩልህ ነው» ተብሎ የመጣ የ15 ዓመት ልጅ እንቆቅልሽ ሲቀርብለት ያኮርፋል፤ ያኮረፈ ደግሞ አይሞክርም። እውነቱን ይንገሩት። ከመርማሪው ጋርም ለብቻው ይነጋገር፤ ስለ ጫትም ሆነ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚነካካው ስልክ እናቱ ፊት ትንፍሽ አይልም።

ቁጥሩን ብቻ ይዞ መመለስ። የጽሑፍ ሪፖርት ይጠይቁ። ትምህርት ቤቱ ምን ማድረግ እንዳለበት፣ የፊት ወንበር ይሁን ተጨማሪ የፈተና ሰዓት፣ በግልጽ ይጻፍበት። ለክፍል ኃላፊው የሚሰጡት ግን ያንን ገጽ ብቻ ነው፤ በቀሪው ውስጥ የቤተሰብ ጉዳይም ተጽፎ ሊሆን ይችላል።