የወላጅዎ የዓይን ሞራ ለቀዶ ሕክምና መድረሱን በቤት ውስጥ እንዴት ይለያሉ?

«ሞራው ገና አልበሰለም» የሚለው ምክር፣ ድሮ የደፈረሰው የዓይን ሌንስ እንዳለ ተፈልቅቆ ይወጣ ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። ዛሬ የቀዶ ሕክምናውን ጊዜ የሚወስነው የሞራው ንጣት ሳይሆን ታማሚው ማየት ስላቃተው የተዋቸው ሥራዎች ናቸው። አልፎ የበሰለ ሞራ እንዲያውም ፈሳሹ ወደ ውጭ ሾልኮ የዓይን ግፊት ያስነሳል፤ ያኔ ሰው ሠራሽ ሌንስ ቢተከልም እይታው ላይመለስ ይችላል።

አረጋውያን «ደኅና ነኝ» ብለው ከሥራው ቀስ በቀስ ይሸሻሉና ከመጠየቅ መመልከት ይሻላል። እናትዎ ቡና መልቀም ለልጅ ሰጥተዋል? ብር ሲቆጥሩ ወደ በር ይወጣሉ? እንግዳን የሚለዩት በመልኩ ነው ወይስ ድምፁን ሰምተው? አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የሌንሱ መሐል ሲጠጥር ሰው ለጥቂት ጊዜ ያለ መነጽር ማንበብ ይጀምራል። ቤተሰቡ «ዓይናቸው ተሻላቸው» ብሎ ይደሰታል፤ ሞራው ግን እየገፋ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ፀሐይዋ ራሷ መመርመሪያ ናት። ሞራው በሌንሱ የኋላ ገጽ መሐል ላይ ከሆነ፣ ብርሃን ሲበዛ የዓይን ብሌን ይጠብና የቀረችው ቀዳዳ ልክ ሞራው ላይ ታርፋለች። ስለዚህ በረንዳ ላይ ደኅና የሚያዩ ሰው እኩለ ቀን ላይ መንገድ ዳር ሲቆሙ ባጃጁን በድምፁ ይጠብቃሉ። ፈተናውን ጥላ ውስጥም ፀሐይ ላይም ያድርጉ።

አንዱን ዓይን ሳይጫኑ በመዳፍ ያስሸፍኑ፤ የሩቅ መነጽር ካላቸው ያድርጉት። 6 ሜትር ርቀው ጣት ያስቆጥሩ፣ ካልቻሉ ወደ 3 ሜትር ይቅረቡ። በተሻለው ዓይን በ3 ሜትር መቁጠር ያቃተው ሰው በዓይነ ስውርነት መለኪያ ውስጥ ገብቷል፤ ግን እዚያ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። ጣት ጭራሽ ካልታያቸው በጨለማ ክፍል ባትሪ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ እያበሩ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ይጠይቋቸው። አቅጣጫውን መለየት ካልቻሉ ከሞራው ጀርባ ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ ሕመም) ወይም ሌላ ጉዳት ሊኖር ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ቤተሰብም ተስፋውን በዚያው ልክ ይያዝ።

ቀጠሮው እስኪደርስ ቤቱን ያስተካክሉ። በሐረር ጀጎል ቤቶች ውስጥ ከፍታቸው የተለያየ ነደባዎች (የመቀመጫ መደቦች) አሉ፤ በተለይ ወለሉና ጠርዙ አንድ ዓይነት ቀይ ከሆኑ ሞራ ያለበት ዓይን ደረጃውን ከወለሉ አይለይም። በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ 5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ነጭ ቀለም ይቀቡ።

ሞራን የሚያሟሟ ጠብታ የለም። ማርና የቅጠል ጭማቂ ዓይንን ሊያቆስሉ ይችላሉ፤ ያለ ማዘዣ የሚገዛ የስቴሮይድ (ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) ጠብታ ደግሞ ሲቆይ ራሱ ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስኳርና የደም ግፊት ይለካሉ፤ ጫት ግፊት ስለሚጨምር ቢያንስ ከዋዜማው ጀምሮ ይቅር። በትራኮማ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ካለ እሱ መጀመሪያ ይታከማል፤ አለበለዚያ ጀርም ወደ ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የቤት ውስጥ እንክብካቤ ወሳኝ ነው። ጠብታው ለሳምንታት የሚቀጥል ስለሆነ «ዳኑ» ተብሎ በአሥረኛው ቀን አይቋረጥም። እጅ ታጥበው የታችኛውን የዓይን ቆብ ይሳቡ፣ የጠርሙሱ ጫፍ ምንም ሳይነካ አንድ ጠብታ ያድርጉ፤ ሌላ ዓይነት ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ ይቆዩ። ለውዱእም ሆነ ለጠበል ውሃ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ ለስግደት መጎንበስ መቼ እንደሚፈቀድም ሐኪሙን ይጠይቁ። ሕመም ከጨመረ፣ ዓይኑ ከቀላ ወይም እይታው ከቀነሰ በዚያው ቀን ይመለሱ፤ ማደር ዓይን ያጠፋል።

የተተከለው ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ ለሩቅ ስለሚመረጥ ለቡና መልቀምና ለንባብ የቅርብ መነጽር ያስፈልጋቸዋል፤ መነጽሩ የሚለካው ዓይኑ ሲረጋ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው።