በሰርኩላር ጣውላ ሲሰነጠቅ መወሰድ ያለበት ጥንቃቄ

በሰርኩላር መጋዝ፣ ማለትም ጥርስ ያለው ክብ ዲስክ ከጠረጴዛ መሐል ብቅ ብሎ በሚዞርበት ማሽን፣ የሚሠራ ሰው ሁሉ ለጣቱ ይሰጋል፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን አደጋው የሚጀምረው ከእንጨቱ ነው። እየተሰነጠቀ ያለው ጣውላ ተመልሶ ሲገጥምና ዲስኩን ከኋላ ሲቆነጥጠው፣ ከታች ወደ ላይ የሚወጡት የኋላ ጥርሶች ጣውላውን አንስተው ወደ ሠራተኛው ያስፈነጥሩታል፤ ሲገፋ የነበረው እጅም ድጋፉ በድንገት ስለሚሸሸው ዲስኩ ላይ ሊያርፍ ይችላል። 300 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዲስክ በደቂቃ 2,800 ጊዜ ሲዞር የጥርሱ ፍጥነት በሰዓት 158 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ አይቶ እጅን ለመሰብሰብ የሚተርፍ ጊዜ የለም።

ይህ ነገር በእኛ በድሬዳዋ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ከሐረርጌ ደጋ እርጥቡን የወረደ ባህር ዛፍ በከተማው ሙቀት ላዩ ቶሎ ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ባህር ዛፍ ሲያድግም በውስጡ ውጥረት የሚያከማች ዛፍ ስለሆነ፣ ሲሰነጠቅ ወይ ይፈለቀቃል ወይ ይገጥማል። ሳቢያን አካባቢ ለማጅ ሆኜ በሠራሁበት ጊዜ ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን ጣውላ ግማሹ ላይ እንደደረሰ የሞተሩ ድምፅ ወፈረ፤ የተቃጠለ እንጨት ሸተተን፤ ወዲያው ጣውላው ከባለሙያው እጅ አምልጦ በጎኔ አለፈና ከኋላችን ያለውን ቆርቆሮ በሳው። ይህን ሊከለክል ይችል የነበረው ብረት «ሥራ ያዘገያል» ተብሎ ተፈትቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ይህ ብረት ከዲስኩ ኋላ የሚቆም፣ የተሰነጠቀው መስመር እንዳይገጥም ለያይቶ የሚይዝ ስስ ከፋች ነው። ውፍረቱ ከዲስኩ አካል በልጦ ጥርሱ ከሚከፍተው መስመር ማነስ አለበት፤ ከጥርሱም ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ይራቅ። ማሽኑ ሲገዛ ከፋቹ ከሌለው ለብረት ሠራተኛ ልኩን ሰጥተው ያሠሩ፤ እኔ ያለ እርሱ ጣውላ አልሰነጥቅም።

ቀጥሎ የሚታየው ጣውላው ተደግፎ የሚሄድበት መሪ ብረት ነው። ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉና አንድ ጥርስ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ ምልክት ያለበትን ጥርስ ወደ ፊት አምጥተው እስከ መሪው ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ አዙረው እንደገና ይለኩ። የኋላው ልክ ከፊተኛው ካነሰ መሪው እንጨቱን ወደ ዲስኩ እየገፋ ነውና ሳያስተካክሉ ሥራ አይጀምሩ። የዲስኩን ከፍታ ደግሞ ጥርሱ ከጣውላው በላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲታይ አድርገው ይወስኑ፤ መሸፈኛውንም መልሰው ይግጠሙ።

ጣውላው ውስጥ ምስማር ወይም ጠጠር አለመኖሩን በዓይንም በእጅም ይመርምሩ። የጎበጠ ከሆነ ጎድጓዳው ፊት ወደ ታች ዞሮ በሁለት ጠርዙ ይቀመጥ፤ መሪውን የሚነካው ጎንም አስቀድሞ በመላጊያ የተቃና ይሁን። የሚወዛወዝ እንጨት ዲስኩን መቆንጠጡ አይቀርም።

ሲቆሙ ከዲስኩ ቀጥታ መስመር ወጣ ብለው ይቁሙ፤ ከኋላዎም በዚያ መስመር ማንም አይለፍ። በሙቀቱ ምክንያት ሽርጥ አገልድሞና ሸበጥ ተጫምቶ መሥራት በከተማችን የተለመደ ቢሆንም፣ የሽርጡ ጫፍ በዲስኩ ሊያዝ ስለሚችል ሱሪና ሽፍን ጫማ ያስፈልጋል። ጓንትም እጅን ይዞ ወደ ዲስኩ ስለሚጎትት ይውለቅ፤ መነጽር ግን አይቅር። ቬንትሌተሩ ሰጋቱራውን ወደ ዓይን እንዳይነፍስ ከጀርባ ይሁን። ከባድ ስንጠቃ በጠዋቱ ቢያልቅ ይሻላል፤ ከምሳ በኋላ ባለው ድካምና በበርጫ ሰዓት ማሽኑ ባይነሳ እመርጣለሁ።

ጣውላውን ወደ መሪው አስጠግተው፣ ሳያቋርጡና ሳይቸኩሉ ይግፉ። የመጨረሻው 30 ሴንቲ ሜትር ሲቀር እጅ ቦታውን ለመግፊያ እንጨት ይልቀቅ። መግፊያውን ከትርፍ ኮምፔንሳቶ 45 ሴንቲ ሜትር አድርገው ቆርጠው፣ ጫፉ ላይ የጣውላውን ጥግ የሚይዝ ኖች እንደ ወፍ አፍ ይክፈቱለት፤ እጀታውንም በብርጭቆ ወረቀት ያልስልሱት። የሚገፋው በዲስኩና በመሪው መካከል ያለው ክፍል ነው፤ እርሱን ከከፋቹ አሳልፈው እስኪያወጡ ድረስ አይልቀቁ።

በመሐል የሞተሩ ድምፅ ከወፈረ ወይም መስመሩ መግጠም ከጀመረ፣ ጣውላውን ወደራስዎ አይጎትቱ። አጥብቀው እንደያዙት ማሽኑ ይጥፋ፤ ዲስኩ ፈጽሞ ሲቆም በተሰነጠቀው መስመር ትንሽ ሽብልቅ ያስገቡና ሥራውን ይቀጥሉ።

አግድም ለመቁረጥ መሪ ብረቱን መደገፊያ አያድርጉ፤ የተቆረጠው ቁራጭ በመሪውና በዲስኩ መካከል ታፍኖ ይፈናጠራልና። በጠረጴዛው ቦይ የሚንሸራተተውን የማዕዘን መያዣ ይጠቀሙ። ብዙ ቁራጭ በአንድ ልክ ከተፈለገ፣ ከዲስኩ በፊት መሪው ላይ አጭር እንጨት በሞርሳ ይያዝና ልኩ ከእርሱ ይወሰድ፤ ያኔ ቁራጩ ዲስኩ ጋ ሲደርስ በመካከሉ ክፍተት ይኖራል።

መብራት ሲጠፋ ሁሉም ሰው ወደ በሩ ይወጣል፤ ማሽኑ ግን እንደበራ ይቀራል። ተራ ማብሪያ ያለው ማሽን መብራት ሲመለስ በራሱ ስለሚነሳ፣ ከቦታው ከመነሳትዎ በፊት ማብሪያውን ያጥፉ፤ ሰጋቱራ ለመጥረግ ወይም የቀረ ቁራጭ ለማንሳት ከሆነ ደግሞ ሶኬቱን ይንቀሉ።